ጥቁር ፀጉር በጠይም ቆዳ ላይ

ፀጉር የሚያስወግደው ሌዘር የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጥቁረትን። ብርሃኑ ገላ ላይ ሲያርፍ ወንድ ሴት፣ ከተሜ ገጠሬ አይልም። ጥቁር ቀለም ያለበትን ቦታ ፈልጎ እዚያ ወደ ሙቀት ይለወጣል። የፀጉሩ ሥር ጥቁር ከሆነ ሥሩ ይግላል፤ ቆዳው ጥቁር ከሆነ ደግሞ ቆዳው ይግላል። ነጭ ነጠላና ጥቁር ሻል ጎን ለጎን ቀትር ላይ ቢሰጡ የትኛው ቶሎ እንደሚግል በጎጃም ላለችው ለቡሬ ከተማ ሰው መንገር አያስፈልግም። የዚህ ምዕራፍ ጥያቄም ከዚሁ የሚነሣ ነው። ፀጉሩም ጥቁር፣ ቆዳውም ባለቀለም የሆነ ሰው፣ ማለትም አብዛኞቻችን፣ በሌዘር ሊጠቀም ይችላል ወይ? ከቻለስ በየትኛው?

በዚህ ጉዳይ የሚሰሙት ሁለት ወሬዎች እርስ በርሳቸው ይጋጫሉ። አንዱ «ሌዘር ለፈረንጅ ቆዳ የተሠራ ነው፤ እኛን ያቃጥለናል» ይላል። ሌላው «ማሽኑ ዘመናዊ ከሆነ ለማንም ይሠራል» ይላል። የመጀመሪያው ከሠላሳ ዓመት በፊት እውነትነት ነበረው፤ ዛሬ ግን ሊጠቀም የሚችለውን ሰው በከንቱ ያስፈራዋል። ሁለተኛው መቼም እውነት ሆኖ አያውቅም፤ ዛሬም ሰው ያቆስላል። እኔን የሚያስጨንቀኝ ይኸኛው ነው። እሱን አምኖ የሄደ ሰው ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት የማይለቅ ምልክት ፊቱ ላይ ይዞ ሊመለስ ይችላልና።

እ.ኤ.አ. በ1960 ቴዎዶር ሜይማን የተባለ አሜሪካዊ የፊዚክስ ሊቅ የመጀመሪያውን ሌዘር አበራ። ከሩቢ ማዕድን የሚወጣ፣ የሞገድ ርዝመቱ 694 ናኖሜትር የሆነ ቀይ ብርሃን ነበር። ሐኪሞች ይህን ብርሃን ቆዳ ላይ መሞከር የጀመሩት ብዙም ሳይቆዩ ነው፤ ዒላማውን አቃጥሎ ዙሪያውን የሚምርበት ስሌት ግን የመጣው በ1983 ነው። በዚያ ዓመት ሮክስ አንደርሰንና ጆን ፓሪሽ የተባሉ የቦስተን ተመራማሪዎች «ሳይንስ» በተሰኘው መጽሔት ላይ ባወጡት ጽሑፍ እንዲህ አሉ፦ በቆዳ ውስጥ ያለ እያንዳንዱ ነገር የራሱ ቀለም አለው፤ ከጋለ በኋላ ለመቀዝቀዝ የሚወስድበትም የራሱ ጊዜ አለው። ዒላማው የሚውጠውን ቀለም መርጠህ፣ ዒላማው ሙቀቱን ወደ ጎረቤቱ ከማስተላለፉ በፊት ብርሃኑን ብታቋርጥ፣ ጉዳቱ እዚያው ይቀራል።

ከዚህ ስሌት ውስጥ ለእኛ እጅግ የሚጠቅመው የጊዜው ጉዳይ ነው። ቀጭን ነገር ቶሎ ይቀዘቅዛል፤ ወፍራም ነገር ሙቀቱን ይዞ ይቆያል። የላይኛው የቆዳ ንብርብር ከአንድ ሚሊሜትር አንድ አሥረኛ የማይበልጥ ስስ በመሆኑ በጥቂት ሚሊሰከንዶች ውስጥ ሙቀቱን ይለቃል። የወፍራም ፀጉር ሥር ግን አሥር፣ ሃምሳ፣ አንዳንዴም እስከ መቶ ሚሊሰከንድ ድረስ ይይዘዋል። ስለዚህ ብርሃኑ በአንድ ጊዜ ከሚወረወር ይልቅ ዘርዘር ብሎ ቢሰጥ ቆዳው እየጋለ እየቀዘቀዘ ያልፋል፤ ሥሩ ግን ሙቀት እያጠራቀመ ይቃጠላል። ጠይም ቆዳ ያለው ሰው በሌዘር የሚድነው በዚህች ልዩነት ነው።

የመጀመሪያዎቹ ማሽኖች ይህን ልዩነት ለመጠቀም አልበቁም ነበር። በ1996 የታተመው የሩቢ ሌዘር ሙከራ የተደረገው ቆዳቸው ፈካ ባለ፣ ፀጉራቸው ቡናማ ወይም ጥቁር በሆነ 13 ፈቃደኞች ላይ ነበር። ውጤቱም ጥሩ ነበር። ለዚያ ብርሃን ከነጭ ቆዳ ሥር የተተከለ ጥቁር ፀጉር ከሁሉ የቀለለ ዒላማ ነው፤ በመንገዱ ላይ የሚያስቆመው የለም። ያው ብርሃን ጠይም ቆዳ ላይ ሲመጣ ግን ወደ ፀጉሩ ሥር ለመድረስ መጀመሪያ በሜላኒን ማለፍ አለበት።

ሜላኒን የቆዳችንም የፀጉራችንም ቀለም ነው። የሚሠሩት ሕዋሳት ብዛት በነጩም በጥቁሩም ሰው ገላ ላይ ያው ነው ለማለት ይቻላል። ልዩነቱ ሕዋሳቱ በሚያመርቱት የቀለም እንክብል መጠን፣ ብዛትና አቀማመጥ ላይ ነው። እነዚህ እንክብሎች የሚገኙት በላይኛው የቆዳ ንብርብር ውስጥ ሲሆን፣ የፀጉሩ ሥር ግን ከዚያ በታች ጥቂት ሚሊሜትር ጠልቆ ይገኛል። ብርሃኑ በሩ ላይ ብዙ ቀለም ካገኘ እዚያው ይውላል። በሩ ላይ የዋለ ብርሃን ቆዳውን ያግላል፤ ያቃጥላል፤ ውኃ ያስቋጥራል። ሥሩ ጋ የሚደርሰውም አንሶ ፀጉሩ ተመልሶ ይበቅላል። ሰውየው ሁለት ጊዜ ከሰረ ማለት ነው።

መፍትሔው የተገኘው የብርሃኑን የሞገድ ርዝመት በመለወጥ ነው። የሞገዱ ርዝመት በጨመረ ቁጥር ሜላኒን ብርሃኑን የመዋጥ ፍላጎቱ ይቀንሳል፤ ብርሃኑም ጠለቅ ብሎ ይገባል። ከሩቢ ቀጥሎ የመጣው አሌክሳንድራይት 755 ናኖሜትር ነው፤ ዳዮድ የሚባለው 800 እና 810 አካባቢ ነው፤ ኤንዲ ያግ የሚባለው ደግሞ 1064 ናኖሜትር ነው። ይህ የመጨረሻው ብርሃን ለዓይን አይታይም። በላይኛው ቆዳ ሲያልፍ ቀለሙን እምብዛም አይነካም፤ ኃይሉን የሚያራግፈው ታች፣ ጥቅጥቅ ያለ ጥቁር ቀለም ባለበት በፀጉሩ ሥር ነው። ለጠይምና ለጥቁር ቆዳ በዓለም ዙሪያ የቆዳ ሐኪሞች በቅድሚያ የሚመርጡትም እሱን ነው። አንባቢዬ ከዚህ ምዕራፍ አንድ ቁጥር ብቻ በቃሉ ቢይዝ 1064ን ይያዝ።

የዚህ ጥቅም ዋጋም አለው። ሜላኒን ብዙ ስለማይውጠው ሥሩን ለማቃጠል ከፍ ያለ ኃይል ይፈልጋል፤ ከሌሎቹ ይልቅ ያማል፤ ቀጭንና ፈዘዝ ያለ ፀጉር ላይ ደግሞ ጉልበቱ ይደክማል። እዚህ ላይ ግን ተፈጥሮ ረድታናለች። የብብት፣ የአገጭና የባት ፀጉራችን አብዛኛውን ጊዜ ጥቁርና ወፍራም ነው። ለኤንዲ ያግ የሚመች ዒላማ ነው። ማሽኑ ቆዳውን በቀዝቃዛ ብረት ወይም በቀዝቃዛ አየር ወይም በሚረጭ ጋዝ ማቀዝቀዝ አለበት። የብርሃኑ ቆይታም ረዘም ይላል፤ ለጥቁር ቆዳ ብዙውን ጊዜ 30 ሚሊሰከንድና ከዚያ በላይ። ዳዮድም ቢሆን በረጅም ቆይታና በጥሩ ማቀዝቀዣ፣ በሚያውቅ እጅ፣ ለአንዳንድ ጠይም ሰዎች ያገለግላል። አሌክሳንድራይትን ግን በጠይም ፊት ላይ ስፍራ አልሰጠውም።

አሁን ወደ ቆዳው እንምጣ። ክሊኒኮች ሰውን ከፊታቸው አስቀምጠው «የቆዳ ዓይነትህ ስንተኛ ነው?» ብለው የሚወስኑበት መለኪያ የፊትዝፓትሪክ መለኪያ ይባላል። ቶማስ ፊትዝፓትሪክ የሃርቫርድ የቆዳ ሐኪም ነበር፤ መለኪያውን በ1975 ያወጣው ለብርሃን ሕክምና የሚሰጠውን መጠን ለመወሰን ሲሆን በዋናነት የነጮችን ቆዳ ለመለየት ነበር። አምስተኛውና ስድስተኛው ዓይነት ለቡናማና ለጥቁር ቆዳ በኋላ የተጨመሩ ናቸው። አንደኛው ዓይነት ፀሐይ ሲያገኘው ሁልጊዜ የሚቃጠልና ፈጽሞ የማይጠቁር ነው፤ ሁለተኛው ብዙ ጊዜ የሚቃጠል፣ ትንሽ የሚጠቁር፤ ሦስተኛው አንዳንዴ የሚቃጠል፣ ቀስ በቀስ የሚጠቁር፤ አራተኛው እምብዛም የማይቃጠል፣ በቀላሉ የሚጠቁር፤ አምስተኛው ቡናማ፤ ስድስተኛው ጥልቅ ጥቁር።

ይህን መለኪያ ቡሬና ፍኖተ ሰላም ወስዶ ሰው ለመጠየቅ ያስቸግራል። ከልጅነቱ ጀምሮ ከብት ሲጠብቅ፣ ሲያርስና ሲያጭድ የኖረ ሰው «ፀሐይ ስትመታህ ቆዳህ ይቀላል ወይስ ይጠቁራል?» ቢባል ምን ይመልስ? ፀሐይ ያልመታው ቀን የለም። ቡሬ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 10 ዲግሪ ከመሆኗም በላይ ከባሕር ወለል ከ2000 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ናት። በሚያዝያና በነሐሴ ፀሐይ ቀትር ላይ ልክ አናት ላይ ትቆማለች። ከፍታው በ1000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ቆዳን የሚያጠቁረው አልትራቫዮሌት ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። አየሩ ቀዝቀዝ ስለሚል ሰው ጨረሩን አይጠረጥረውም።

በመንደር ያለው የሰው መልክ አጠራርም ለሌዘር ጉዳይ ያሳስታል፤ በዚህ ላይ ጠበቅ ማለት እፈልጋለሁ። በአንድ ቤት ውስጥ ቀይ፣ ቀይ ዳማ፣ ጠይምና ጥቁር የሚባሉ ወንድማማቾችና እኅትማማቾች ይኖራሉ። «ቀይ» የምትባለው ልጅ በጎረቤቶቿ መካከል ፈካ ያለች ናት፤ በፊትዝፓትሪክ መለኪያ ግን አብዛኛውን ጊዜ አራተኛው፣ አልፎ አልፎ ሦስተኛው ላይ ትውላለች። «እኔ ቀይ ነኝ፤ ለነጭ የሚሆነው ይሆነኛል» ብላ የገባች ልጅ ለእሷ ያልተለካ ብርሃን ልትቀበል ትችላለች። ሳራ ቲሽኮፍ የመሩት የፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2017 በኢትዮጵያ፣ በታንዛኒያና በቦትስዋና ሰዎች ላይ ያደረገው የቆዳ ቀለም ጥናት አፍሪካ ውስጥ ያለው የቀለም ስፋት ምን ያህል እንደሆነ አሳይቷል። በአውሮፓ ቆዳን ያፈካው ኤስኤልሲ24ኤ5 የተባለው የዘረ መል ዓይነት በኢትዮጵያም በብዛት ይገኛል። ሆኖም ይህን ዘረ መል የያዘ ሰው ቆዳን የሚያጠቁሩ ሌሎች ዘረ መሎችም ይዞ ይሆናል። መልኩ ፈካ ያለ ሰው ቆዳው የሚጠቁረው በቀላሉ ነው፤ ሲቆስልም ጠባሳው ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ሌዘር የሚለካው ይህን ጠባይ እንጂ የመንደር ስሙን አይደለም።

የዚያ ጥናት ሰዎች ቀለም የለኩት በክንድ የውስጥ በኩል ነው፤ ፀሐይ እምብዛም የማያገኘው ቦታ ስለሆነ። ማንም ሰው ቤቱ ሆኖ ይህንኑ ማድረግ ይችላል። ከብብት በታች ያለውን የክንድ ውስጥ ከእጅ ጀርባ ጋር አስተያይ። ውስጡ የተፈጥሮ ቀለምህ ነው፤ የሁለቱ ልዩነት ፀሐይ የጨመረችው ነው። ልዩነቱ ሰፊ ከሆነ የተጋለጠው ቆዳህ ለጊዜው በሌዘር ፊት አንድ ደረጃ ጠቁሯል ማለት ነው። ያኔ ሐኪሙ ኃይሉን ይቀንሳል፤ አለዚያ ጥቂት ሳምንታት ጥላ ሥር እንድትቆይ ይልክሃል። በኅዳርና በታኅሣሥ አጨዳ ላይ የከረመች ሴት ጥር ላይ ለፊቷ ሌዘር ብትሄድ አልመክርም። ከትከሻ በታች በልብስ የተሸፈነው ገላ ግን እንዲህ አያስጨንቅም።

ቆዳው ቢጎዳስ ምን ይመጣል? በነጭ ቆዳ ላይ ትንሽ ቃጠሎ ቀልቶ በሳምንት ይጠፋል። በእኛ ቆዳ ላይ ያው ቃጠሎ ከዳነ በኋላ ጥቁር ጠባሳ ይተዋል፤ ወራት ይፈጃል፤ ማድያት ያለበት ፊት ላይ ከሆነ ደግሞ ማድያቱን ያባብሳል። ቃጠሎው ከጠነከረ ቀለም የሚሠሩት ሕዋሳት ይሞቱና ቦታው ነጭ ይሆናል። ነጭ ነጥብ በጠይም ፊት ላይ በትንሽ ከተማ ምን እንደሚያስከትል የምናውቀው እኛ ነን። ለምጽ ነው ይባላል፤ ከለምጽም አልፎ የሚወራ አለ፤ የልጅቱ ትዳር ላይ እንኳ ጥላ ያጠላል። አንድ የውጭ አገር መመሪያ «አልፎ አልፎ የሚከሰት የቀለም ለውጥ» ብሎ በአንድ መስመር የሚያልፈው ነገር ለቡሬ ልጅ ከፀጉሩ የባሰ ችግር ነው። ስለዚህ የእኛ የጥንቃቄ ልክ ከሌላው ከፍ ማለት አለበት እላለሁ። ቀድሞውኑ ለምጽ ያለባት፣ ወይም ስትቆስል የሚያብጥ ጠባሳ የሚወጣባት ሰው ይህን ለሐኪሙ በቅድሚያ መናገር አለባት። አዲስ ቃጠሎ አዲስ ለምጽ ሊቀሰቅስ ይችላል።

ጥንቃቄው የሚጀምረው በሙከራ ነው። በደንብ የሚሠራ ክሊኒክ ሙሉ ፊት ከመንካቱ በፊት ከጆሮ ሥር ወይም ከመንጋጋ በታች ባለች ትንሽ ቦታ ላይ ጥቂት ምት ይሰጣል። ጠይም ቆዳ ላይ መቅላት በዓይን በቀላሉ አይታይም፤ ስለዚህ ባለሙያው ግለቱን በእጁ ይዳስሳል፤ የፀጉሩ ቀዳዳ ዙሪያ ትንሽ እብጠት መኖሩን ያያል። ያ ጥሩ ምልክት ነው። ቆዳው አመድማ ከሆነ ወይም ውኃ ከቋጠረ ኃይሉ በዝቷል። የቀለም ለውጡ ዘግይቶ ስለሚመጣ ቢያንስ 48 ሰዓት መጠበቅ ያስፈልጋል፤ ለፊት ከሆነ ሁለት ሳምንት ቢጠበቅ እመርጣለሁ። ሙከራ ሳያደርግ «ዛሬውኑ እንጨርሰው» የሚል ቦታ ካጋጠመ መውጣት ነው።

በጎጃም ገጠር ሊረሳ የማይገባው አንድ ጉዳይ አለ፤ እሱም ንቅሳት። አንገታቸውን በረድፍ የተነቀሱ፣ ግንባራቸው ላይ መስቀል ያላቸው፣ አገጫቸው ላይ ነጥብ ያላቸው እናቶች በየገበያው አሉ። የንቅሳቱ ቀለም ጥላሸት የገባበት ነው። ጥላሸት ደግሞ ካርቦን ነው፤ ካርቦን የትኛውንም የሞገድ ርዝመት ይውጣል፤ 1064ንም ጭምር። ሜላኒንን በጥበብ የሚያልፈው ኤንዲ ያግ ንቅሳት ላይ ሲደርስ ጥበቡ አይሠራም። በፀጉር ማስወገጃ ምት ንቅሳት ላይ የተተኮሰ ሌዘር ቆዳውን በንቅሳቱ ቅርጽ ያቃጥላል፤ ጠባሳውም በዚያው ቅርጽ ይቀራል። ንቅሳት ለማጥፋት የሚያገለግል ሌዘር አለ፤ ግን እሱ ሌላ ማሽን ነው፤ የምቱ ቆይታም ከሚሊሰከንድ እጅግ ያነሰ ነው። ስለዚህ አገጯ ላይ ንቅሳትም ፀጉርም ያላት ሴት ንቅሳቱን የምታሳየው ማሽኑ ከመነሣቱ በፊት ነው፤ ባለሙያውም በነጭ እርሳስ ከብቦ ይተወዋል። እንሶስላ የነካው ቆዳም ቀለሙ እስኪለቅ ይጠብቅ።

ሌላው ከባድ ጉዳይ ክሬም ነው። መልክ ያቀላል ተብሎ በየሱቁ ያለ ማዘዣ ከሚሸጠው ቅባት ውስጥ ጠንካራ ስቴሮይድ ያለበት አለ። ሰው ሲቀባው መጀመሪያ ፊቱ ይጠራል፤ ይፈካል። ወራት ሲቆይ ግን ቆዳው ይሳሳል፤ የደም ሥር ይታያል፤ ብጉር ይወጣል፤ ከሁሉም የሚያሳዝነው ደግሞ ፊት ላይ ፀጉር ያበቅላል። ልጅቱ ፀጉሩን ለማጥፋት ሌዘር ትፈልጋለች፤ ክሬሙን ግን አላቆመችም፤ ለባለሙያውም አልነገረችም። በሳሳ ቆዳ ላይ የሚወርድ ሌዘር ደግሞ በቀላሉ ያቆስላል። እንዲህ ላለችው ሴት የመጀመሪያው ሕክምና ክሬሙን በሐኪም ምክር ቀስ በቀስ ማቆም ነው፤ ብዙ ጊዜ ፀጉሩም ከዚያ በኋላ ይሳሳል። ስለ ክሬም ዝም ማለት የለብንም፤ እፍረት አይደለም፤ ብዙ ሰው የተታለለበት ነገር ነው።

ድንገት የበዛ የፊት ፀጉር ከውስጥም ሊመጣ ይችላል። የወር አበባዋ የሚዛባ፣ አገጯና ከንፈሯ በላይ ወፍራም ፀጉር የሚያወጣ፣ ብጉር የሚበዛባት ወጣት በእንቁላል ማምረቻዋ የሆርሞን መዛባት ሊኖርባት ይችላል። ይህን ለማወቅ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል መሄድ ይበቃል፤ መርማሪው የቆዳ ሐኪም ካስፈለገ ወደ ባሕር ዳር፣ ወደ ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ይልካታል። ሆርሞኑ ሳይታከም ሌዘር ቢደረግ አሮጌው ፀጉር ይቃጠላል፤ አዲሱ ግን መውጣቱን አይተውም። በጉንጭ ላይ ያለውን ለስላሳ ልብ የማይባል ፀጉር ደግሞ ከነጭራሹ አለመንካት ይሻላል። በቂ ያልሆነ ሙቀት እንዲህ ያለውን ፀጉር ከማጥፋት ይልቅ ቀስቅሶ የሚያወፍርበት ጊዜ አለ። ይህ በተለይ በፊትና በአንገት፣ ከሦስተኛው ዓይነት ጀምሮ ባለቀለም ቆዳ ባላቸው ሴቶች ላይ ታይቷል።

ወንዶች ሌዘር የሴት ጉዳይ ይመስላቸዋል። ፀጉራችን ጥቅልል ስለሆነ ፂም በምላጭ ሲላጭ የተቆረጠው ጫፍ ተጠምዝዞ ወደ ቆዳው ተመልሶ ይገባል፤ አገጭ ሥርና አንገት ላይ የሚያም እብጠት ያወጣል። እየተላጩ እየባሰ ይሄዳል፤ ጥቁር ነጠብጣብም ይተዋል። ለዚህ ችግር ኤንዲ ያግ ፀጉሩን በማቅጠንና በመቀነስ በጥቁር ሰዎች ላይ በጣም የሠራ ሕክምና ነው። እንዲያውም ቆዳችን ከሌዘር ከሚያገኛቸው ጥቅሞች ሁሉ ይህን ከፍ አድርጌ አየዋለሁ፤ ከጌጥ አልፎ በሽታን ይፈውሳልና። ሌዘር ለማይደርሰው ሰው ግን ምላጩን ትቶ ፂሙን በማሽን አጠር አድርጎ መተው ብዙ ያቀልለታል።

ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ በዘመድ ሻንጣ የሚመጣው ትንሽ የቤት ውስጥ ማሽን አብዛኛውን ጊዜ ሌዘር አይደለም። አይፒኤል ይባላል፤ ከ500 እስከ 1200 ናኖሜትር ድረስ የተለያየ ብርሃን በአንድ ብልጭታ ይለቃል። አጭሩ የብርሃኑ ክፍል ቆዳችን ላይ የሚቀረው ነው። ሣጥኑ ላይ የቆዳ ቀለሞች በረድፍ የተሳሉበት ሥዕል አለ፤ በጥቁሮቹ ላይ የመከልከያ ምልክት ይደረግባቸዋል። አንዳንዶቹ ማሽኖች ቆዳው ከጠቆረ አንበራም ይላሉ። ማሽኑ እምቢ ሲል ተበላሸ ብሎ ፈካ ወዳለው ቦታ እያዞሩ መሞከር ሳይሆን ማስቀመጥ ነው የሚገባው። አሜሪካ ወይም አውሮፓ ያለች እህት የምትከፍልበት የውበት ቤትም ቢሆን «ምን ዓይነት ሌዘር ነው? 1064 አለ?» ተብሎ ይጠየቅ።

ሕመምን ስለሚያደነዝዝ ቅባትም አንድ ቃል። እ.ኤ.አ. በ2007 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን ሕዝቡን ያስጠነቀቀው ለሌዘር ሲዘጋጁ እግራቸውን በማደንዘዣ ቅባት ቀብተው በላስቲክ የጠቀለሉ ሁለት ወጣት ሴቶች ከሞቱ በኋላ ነበር። መድኃኒቱ በቆዳቸው ሰርጎ ደማቸው ውስጥ ገብቶ ነበር። ትንሽ ቦታ ላይ በባለሙያ እጅ ችግር የለውም፤ ቤት ውስጥ ሰፊ ቦታ ላይ መቀባት ግን ክልክል ነው። በዚያ ላይ ሕመም ባለሙያው የሚያደምጠው ምልክት ነው፤ «በጣም ተቃጠልኩ» የምትል ሴት ቆዳዋን ታድናለች።

ሌዘሩን የሚሰጡ ክሊኒኮች አዲስ አበባ ውስጥ አሉ፤ ከቡሬ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ፀጉር ሁሉ በአንድ ጊዜ አያድግም፤ ሌዘር የሚይዘው በዕድገት ላይ ያለውን ብቻ ነው። ስለዚህ ከአራት እስከ ስምንት ሳምንት እየተራራቀ ስድስት ጊዜና ከዚያ በላይ መሄድ ያስፈልጋል። ስድስቱ በየስድስት ሳምንቱ ቢሆኑ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሰባት ወር ይፈጃል። ትራንስፖርቱን፣ ማደሪያውንና የሥራ ቀኑን ደምሮ ያልተነሣ ሰው ሁለተኛው ላይ ያቋርጣል፤ የከፈለውም ይቀራል። ስድስቱን ከጨረሰም በኋላ የሚገኘው ዘላቂ ቅነሳ ነው፤ የአሜሪካው ባለሥልጣንም ፈቃድ የሰጠው በዚህ ቃል እንጂ ፈጽሞ ያጠፋል በሚል አይደለም። በዓመት አንዴ ሁለቴ መመለስ ሊያስፈልግ ይችላል። ከመሄድ በፊት አራት እስከ ስድስት ሳምንት በወረንጦ፣ በክርና በስኳር መንቀል ይቆማል፤ ሥሩ ከተነቀለ ብርሃኑ የሚመታው ዒላማ አያገኝም። መላጨት ግን ይፈቀዳል፤ ምላጭ ፀጉርን ያወፍራል የሚባለውም እውነት አይደለም። ከሌዘር በኋላ ፊትን በነጠላና በጃንጥላ መከለል፣ የፀሐይ መከላከያ ክሬምም መቀባት ያስፈልጋል።

አገጫቸው ላይ ነጭ ፀጉር የሚወጣባቸው አሮጊቶች ወደ ሌዘር መሄድ የለባቸውም። ነጭ ፀጉር ሜላኒን የለውም፤ ብርሃኑ ምንም አያገኝም፤ ገንዘቡ ይባክናል። ለነጭ ፀጉር የሚሠራው ኤሌክትሮሊሲስ ነው፤ በቀጭን መርፌ እያንዳንዱን ሥር በኤሌክትሪክ ማቃጠል። የቆዳና የፀጉር ቀለም አይመርጥም፤ ባይጠነቀቁ ግን ጥቁር ጠባሳ ሊተው ይችላል። ይህን ዘዴ በ1875 የጀመረው ቻርልስ ሚሼል የተባለ አሜሪካዊ የዓይን ሐኪም ነው፤ የጀመረውም ወደ ውስጥ ተቀልብሶ ዓይን የሚወጋ ሽፋሽፍትን ለማጥፋት ነበር። ይህ በሽታ ከትራኮማ የሚመጣ ሲሆን፣ በአማራ ክልል ገጠር ዛሬም ብዙ እናቶች በወረንጦ እየነቀሉት የሚኖሩበት ነው። ሽፋሽፍት ላይ የፀጉር ማስወገጃ ሌዘር አይሞከርም፤ ከዓይን ጋር በተቀራረበ ቦታ የሚተኮስ ሌዘር ዓይን ያጠፋል። ለተቀለበሰ ሽፋሽፍት የሚሆነው ትንሽ የዓይን ቆብ ቀዶ ሕክምና ነው፤ እሱንም በአቅራቢያው ያለ ጤና ጣቢያ መጠየቅ ይቻላል።